ላቲኑን ማን ዘጋው?

ክቡራትና ክቡራን! እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ አዎ፣ እናንተ፣ ኬኩ አያመልጥም፤ ቁጭ በሉ። አቶ እዝራ፣ ርዕሰ መምህራችን፣ እርስዎም ስልክዎን ያስቀምጡት። ዛሬ የምናገረው ለእርስዎ ነው። ሌላው ሰው ምስክር ነው።

በመጀመሪያ ለሽኝቱ አመሰግናለሁ። አዳራሹን ላስጌጣችሁት፣ ጋቢውን ለመረጣችሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኬኩ ላይ «መልካም ዕረፍት ለሚስ ጥሩነሽ» ብላችሁ አስጽፋችኋል። አልሞትኩም። እንዲያው እንድታውቁት ነው።

እዚህ ጎሮ የመጣሁ ጊዜ ሁላችሁም አንድ ነገር ነበር የምትጠይቁኝ፤ «ላቲን የት ተማርሽ?» ኦሎምፒያ ነዋ፤ የግሪኩ ሳይሆን እዚሁ አዲስ አበባ ያለው ሰፈር! መድኃኒት ቤት ሻጭ ነበርኩ። የመድኃኒቶቹ ስም ከየት እንደመጣ የሚነግረኝ ሰው ሳጣ አሮጌ መጽሐፍ ገዛሁ፣ ስልኬን ከፈትኩ፣ ራሴን አስተማርኩ። ዲግሪ የለኝም። እናንተ ደግሞ ላቲን የላችሁም። እኩል ነን።

የሒሳቡ መምህር አሌክስ በመጀመሪያው ሳምንት ምን አለኝ?

«ሚስ ጥሩዬ፣ ይሄን ቋንቋ የሚናገረው ሰው እኮ ሞቶ አልቋል።»

«ጥሩ ነዋ፤ ሳወራ አያቋርጠኝም» አልኩት።

ተቀየመኝ። እስከ ዛሬም ይመስለኛል። አሌክስ፣ ታርቀናል?

የስምንት ዓመት ልጅ ላቲን ይችላል ወይ? ይችላል። የማይችለው ትልቅ ሰው ነው። ትልቅ ሰው «ምን ያደርግልኛል?» ይላል፤ ልጅ «ከዚያስ?» ነው የሚለው። የመጀመሪያው ትምህርታችን «አግሪኮላ ቫካም አማት» የሚል ነበር፤ ገበሬው ላሚቱን ይወዳል ማለት ነው። ኑሪ እጁን አወጣ።

«ሚስ፣ እኛ ሰፈር ላም የለም።»

«ታዲያ ምን ይውደድ?»

«ባጃጅ።»

ሮማውያን ባጃጅን ምን ይሉት እንደነበር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ ስለማላውቅ ገበሬው ባጃጅ ወደደ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ጥበቃው ጋሽ አብዲሳ ጠብ የተነሳ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

ወላጆቹ መጀመሪያ ፈርተውኝ ነበር፤ አልዋሽም። የረሆቦት አባት አቶ ገብረዋሕድ «ልጄን ካቶሊክ ልታደርጊያት ነው?» ብለው መጡ። በማግስቱ የኑሪ እናት ራህማ መጣች። «ይሄ ነገር የክርስቲያን ጸሎት ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?» ሁለቱንም ምን አደረግኳቸው? በአንድ ቀን ጠርቼ፣ ክፍል አስገብቼ የልጆቹ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። ሲያልቅ አቶ ገብረዋሕድ ጠረጴዛ ተደግፈው ተነሱና «ላም ብቻ ነው እኮ!» አሏት።

«ባጃጅም አለ» አለቻቸው ራህማ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ወላጅ መጥቶ አልከሰሰኝም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፣ አቶ እዝራ። ባለፈው ወር ቢሮዎ ጠሩኝ፤ በሩን ዘጉ። «ወላጆች ላቲኑን አልፈለጉትም፤ ከመስከረም ጀምሮ ክፍሉ ለሮቦቲክስ ይሆናል» አሉኝ። ሮቦቱ ይምጣ፤ ከሮቦት ጋር ጠብ የለኝም። «የትኞቹ ወላጆች?» ስልዎ «በጥቅሉ» አሉ። እኔ በጥቅሉ የሚባል ወላጅ አላውቅም። ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው?

ዓርብ ዕለት አቶ ገብረዋሕድ በር ላይ ያዙኝ።

«ሚስ፣ አቶ እዝራ በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች ሲሉን አዘንን። ቢያንስ ልጆቹን ብትሰናበቺያቸው ምን ነበረበት?»

በገዛ ፈቃዴ! ለእኔ «ወላጆች አልፈለጉሽም»፣ ለወላጆች «እሷ አልፈለገቻችሁም»። አንድ ሰው ነው ሁለቱንም ያወራው።

ረሆቦት የአባቷን እጅ ይዛ ቆማለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሚስ፣ ስለምንረብሽ ነው?»

ምን ልበላት? ርዕሰ መምህርሽ ዋሽቷል ልበላት? በመስከረም እኮ እዚሁ ነው የምትመለሰው፤ በየጠዋቱ እርስዎ ፊት ነው የምትሰለፈው። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ያየ ሰው አለ እዚህ ቤት? ልጅቷ ዝምታዬን አዎ አድርጋ ወሰደችው። አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ባልደረቦቼ፣ እናንተን እመርቃለሁ። ድምፃችሁ አይዘጋ። ማርከራችሁ አይድረቅ። ከላምበረት የምትመጡት፣ ታክሲ አይጥፋባችሁ። ያስተማራችሁት ልጅ ነገ መንገድ ላይ አይቷችሁ አይለፍ። ከእኔ የተሻለ ሽኝት ይግጠማችሁ። አሜን በሉ እንጂ፤ አይከፈልበትም!

አቶ እዝራ፣ እርስዎንም እመርቃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ይነሱ። ራህማ የወላጅ ኮሚቴውን ወክላ ፊትዎ ተቀምጣለች፤ የሚሉትን ዛሬውኑ ለየቤቱ ታደርሳለች። እኔ ለቅቄ ነው? ልጆቹ ረብሸው ነው? ወይስ እርስዎ ዘግተውት ነው? «ነገ ቢሮ ነይ» አይበሉኝ። ማይኩ ይኸው። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይመልሱ።