ቧንቧውን የሚያሳርፉት አባባ

ያን ዕለት ጠዋት ከቤቴ የወጣሁት ተቃውሞ ላስገባ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የአሥራ ሁለት ቤት ሰው የፈረመበት ወረቀት ይዣለሁ። የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩ ስለሆንኩና የእጅ ጽሑፌም ስለሚነበብ የሰፈሩ ማመልከቻ ሁሉ የሚጻፈው በእኔ እጅ ነው። ወረቀቱ ባጭሩ፣ ዋናው የውኃ መስመር ይቀየራል ተብሎ መንገዳችን እንዳይቆፈር ይጠይቃል።

ስለ ቁፋሮው ከሰማሁ ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሎኛል። ጉድጓዱ ሲናድ፣ ግድግዳችን ሲሰነጠቅ፣ ልጅ ሲገባበት፣ ውኃው ለአንድ ሳምንት ተብሎ ተቆርጦ ለአንድ ዓመት ሲቀር፣ ሁሉም በየተራው ይታየኛል። ሰፈርተኛው «ወይዘሮ ሥጋት» የሚል ስም ያወጣልኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤቴማ፣ «አንቺ እኮ ሠርግ ስትጠሪ መጀመሪያ የምትጠይቂው በቅርብ ሐኪም ቤት መኖሩን ነው» እያለ ይቀልድብኛል።

በዚያ ዓመት ግን ሥጋቴ ሥር ነበረው። የአምስት ዓመቷ ትንሿ ልጄ በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በሆድ ሕመምና በትኩሳት ተኝታብኛለች። ክንዷ ከመቅጠኑ የተነሣ አምባሯ እስከ ክርኗ ይወጣ ነበር። እኔ ውኃ ሳላፈላ አላጠጣም። ምን እንዳደረግኩ፣ ምን እንዳላደረግኩ ሳስብ ነበር የምውለው።

መንገዳችን ጫፍ ላይ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ ሁላችንም «የውኃ ቤት» የምንላት አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች። ወደ ሰፈሩ የሚወርደው ቧንቧ የሚከፈተውና የሚዘጋው እዚያ ነው። በዚያ ሳልፍ አባባ ቁልፉን ደፉ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ክንድ የሚያህለውን የብረት ማዞሪያቸውን እንደ ጠመንጃ ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል። ከፊታቸው ጭቃ የነካው ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት ወረቀት ይዛ ቆማለች።

አባባ ቁልፉ የተባሉት በዚያ ማዞሪያ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የውኃ ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም አዲሶቹ ሠራተኞች መስመሩን ስለማያውቁት ማዞሪያውን በአደራ እሳቸው ጋ ተዉት። ቤታቸው ከውኃ ቤቷ ቀጥሎ የመጀመሪያው ነው። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ በትኩሳትና በተቅማጥ ዘጠኝ ቀን ታመው ነው የሞቱት። ሐኪሙ ከውኃ የመጣ ሕመም ነው ሲላቸው አባባ፣ «ውኃውን የምጠብቀው እኔ ነኝ» ብለው ጥለውት ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያንን ነገር በፊታቸው ያነሣ ሰው የለም።

ወጣቷ የጥናት ባለሙያ ነበረች። መስመሩ ከመቀየሩ በፊት አፈሩን፣ ዛፉን፣ የፍሳሹን መውረጃና የቆዩትን ግንቦች አጥንታ ምን መነካት እንደሌለበት የምትጽፈው እሷ ናት። አሮጌው ቧንቧ በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ካርታ በውኃ ቢሮው ስላልተገኘ አባባን ልትጠይቅ መጥታለች። አባባ ግን አፋቸውን እንደ ቧንቧው ዘግተዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ እኮ በሬው ሊታረድ ሲል ስሙን እንደ መጠየቅ ነው» አሏት። «ጠይቀው የሄዱ ብዙ ናቸው። ምን ይዘው ሲመለሱ እንደማያቸው ታውቂያለሽ? ዶማ።»

«አባባ፣ ይህች ቤት የሰማንያ ዓመት ዕድሜ አላት አሉኝ» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወረቀቴ ላይ ካልጻፍኳት ቆፋሪው ምን ያውቃል? ተራ ድንጋይ ናት ብሎ ያልፍባታል። እርስዎ ዝም ያሉ ቀን ነው የምትፈርሰው።»

አባባ የኖሩበትን ብልሃት ነገሯት፦ ቢሮ የሚጠይቅህን ግማሹን ንገር፣ ግማሹን ለቤትህ አስቀር። እኔም ከጎናቸው ቆምኩ። ወረቀቴን አውጥቼ የሥጋቴን ዝርዝር አንድ በአንድ አነበብኩላት። ልጅቷ አላቋረጠችኝም። ጉድጓዱ በጣውላ እንደሚደገፍ፣ ዙሪያው እንደሚታጠር፣ ሥራው እስኪያልቅ በጊዜያዊ ቱቦ ውኃ እንደምናገኝ አስረዳችኝ።

«ዝናብ ቢመጣስ?» አልኳት።

«ለዝናቡም ተጽፏል።»

«ዝናቡም መጥቶ ጊዜያዊው ቱቦ ቢፈነዳስ?»

«እሱንም አሁን ልጻፈው» ብላ እውነትም ጻፈችው።

አባባ ከት ብለው ሳቁ። «በይ ተቀመጪ፤ ከዚህች ሴት ጋር ከተነጋገርሽ እስኪመሽ ትቆሚያለሽ» ብለው ለልጅቷ ቦታ ለቀቁላት። ሰው ከሳቀ በኋላ ለመኮሳተር ይከብደዋልና ቀስ በቀስ መናገር ጀመሩ። ቧንቧው በዛፉ ቀኝ እንደሚወርድ፣ ከሥሩ ተጠግቶ እንደሚታጠፍ፣ ከመታጠፊያው በታች በድንጋይ የተሠራውን የፍሳሽ ቦይ እንደሚያቋርጥ ነገሯት። እሷም እየጻፈች መስመሩ በምን ዓይነት አሠራር እንደኖረ ጠየቀቻቸው።

አባባ ያን ጊዜ ቀና አሉ። የሠላሳ አንድ ዓመት ኩራታቸው የሚነገርበት ሰዓት ደርሷል።

«በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ እዘጋዋለሁ፣ ጎህ ሲቀድ እከፍተዋለሁ። ቧንቧም እንደ ሰው ነው፤ ጎኑን ማሳረፍ አለበት። ያስተማረኝ የጥንቱ አለቃዬ ነው። በሌላው ሰፈር ቧንቧ ሲፈነዳ የእኛ ሰፈር ቧንቧ የማይፈነዳው ለምን ይመስልሻል? ስለሚያርፍ ነው። አንድም ቀን አጓድዬ አላውቅም።»

«አሁንም ይዘጉታል?»

«ትናንትም ዘግቼዋለሁ።»

ልጅቷ መጻፏን አቆመች። ያ የፍሳሽ ቦይ መቼ እንደተሠራ ጠየቀች። ከሃያ ዓመት ወዲህ መሆኑን ነገሯት። የቦዩን ድንጋይ፣ ቀጥሎም የአባባን በር ተመለከተችና፣ «አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት፤ ይፈቅዱልኛል?» አለች።

ከቦርሳዋ ግንበኞች የግድግዳ ከፍታ እኩል መሆኑን የሚለኩበትን፣ ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ቱቦ አወጣች። አንዱን ጫፉን ከውኃ ቤቷ ደጅ ካለው ቧንቧ ላይ አሰረች፤ ሌላውን ወደ ቁልቁለቱ ለቀቀችው። መሐሉን በመርፌ ወጋችና ከቦዩ በተቀዳ የደፈረሰ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ነከረችው። ሳፋው የእትዬ ነበር።

ቧንቧውን ስትከፍተው ንጹሑ ውኃ በመርፌው ቀዳዳ ወደ ሳፋው ሲረጭ አየን። «ይህ ቀን ነው» አለች። «ውኃው ሲገፋ ቆሻሻ አያስገባም። አሁን እናሳርፈው።» ዘጋችው። በቱቦው ውስጥ የነበረው ውኃ ወደ ቁልቁለቱ ሲወርድ ኋላውን ባዶ አደረገ፤ በቀዳዳዋም ከሳፋው ቡናማ ክር የመሰለ ነገር ገብቶ ውስጥ ለውስጥ ይጓዝ ጀመር። እንደገና ስትከፍተው ቡናማው ከፊት ቀድሞ ወጣ።

እኔ ገባኝ። ለልጅቷ በዓይኔ ምልክት ሰጠኋት፤ በቃ፣ እዚህ ላይ ይቁም ማለቴ ነበር። እሷ ስለ እትዬ የምታውቀው ነገር አልነበረም። አባባ ምልክቴን አይተውት ኖሮ፣ «ተዪያት፣ ትጨርስ» አሉኝ።

«ድገሚው» አሏት። ደገመችው። ከዚያ ተነሥተው በራሳቸው እጅ ከፈቱት፣ በራሳቸው እጅ ዘጉት፣ ከፈቱት። ቡናማው ሲወጣ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ቧንቧው ከቦዩ ሥር ቀዳዳ አለው?» ብለው ጠየቁ።

«ከሦስት ቦታ አፈር አስመርምረናል። ብረቱ ከቦዩ ሥር በዝገት ተበልቷል፣ አባባ። አለቃዎ አልተሳሳቱም። ያኔ ብረቱ አዲስ ነበር፣ ቦዩም አልነበረም፣ ማጠራቀሚያውም ሌሊት መሙላት ነበረበት። ምክንያቱ ሲሄድ ልማዱ ብቻውን ቀረ እንጂ።»

አባባ ደፉ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ኋላ ሲናገሩ የተናገሩት ለእኛ አይመስልም ነበር።

«ጠዋት የሚመጣው የመጀመሪያው ውኃ መጀመሪያ የሚደርሰው የማን ቤት ነው? የእኔ። እሷ ተነሥታ ትቀዳለች። ያረፈ ውኃ ነው፣ እሱን ጠጪ እላታለሁ። ስትታመምም ከዚያው ቀድቼ አፏ ላይ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ። ሐኪሙን ደግሞ ሰድቤ ወጣሁ።»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባባ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንቺም ትንሿ፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ በእኔ በር ነው የምታልፈው። በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ እሰጣታለሁ። አታውቂም ነበር?»

አላውቅም ነበር። ልጄ የምትታመመው በምን እንደሆነ በመጨረሻ ከሚወዷት ሰው አፍ ሰማሁ። መጮህ የነበረብኝ ይመስለኛል፤ ነገር ግን አልጮህኩም። የራሴም ጥፋት ነበረበትና። ልናገረው። የጠዋቱ ውኃ ደፍርሶ እንደሚመጣ ከጥንት አውቅ ነበር። አንድ ባልዲ ሙሉ እደፋለሁ፣ የቀረውን አፈላለሁ። ለእትዬ ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። «ወይዘሮ ሥጋት መጣች» ብለው ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። በዚያች ትንሽ እፍረት ምክንያት ጎረቤቴ ከእኔ አጥር ማዶ ሲጠጡት ኖሩ።

ይህንን ለአባባ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ብትነግሪኝም አልሰማሽም ነበር» አሉ። «ሐኪሙን ያልሰማሁ አንቺን ልሰማ?» ይህ ማጽናኛ ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ልጅቷ ወረቀቷን ልታጥፍ ስትል እጃቸውን አነሡ። «አልጨረስንም። ይህንንም ጻፊው፤ በየማታው ይዘጋ ነበር፣ የሚዘጋውም እኔ ነበርኩ ብለሽ።»

«አባባ፣ ስምዎ ባይገባም…»

«ካልጻፍኩት ቆፋሪው ምን ያውቃል አላልሽም? ግማሹን ለቤቴ ሳስቀር ቤቴን ነው ያጣሁት። ሙሉውን ውሰጂ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ስሜን ከዚያ ወረቀትሽ ላይ ሰርዢልኝ» አሉኝ። የመጀመሪያው ፈራሚ እሳቸው ነበሩ። ሰረዝኩት፤ ቀጥሎ የራሴን ሰረዝኩ፤ ያለ ሁለታችን ያ ወረቀት የትም አልደረሰም።

ማዞሪያውን ለልጅቷ ሰጧት። ክብደቱን አልጠበቀችውም ነበርና እጇ ወደ መሬት ወረደ። በዚያ ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ቧንቧው አልተዘጋም፤ ከዚያ ወዲያም ዳግመኛ አልተዘጋም። አዲሱ መስመር እስኪመጣም ሰው ሁሉ አፍልቶ እንዲጠጣ በየበሩ የዞርኩት እኔ ነኝ። የሳቀብኝ አልጠፋም። ይሳቁ።

ቁፋሮው አምስት ወር ፈጀ። ከፈራሁት ውስጥ የደረሰው አንድ ብቻ ነው፦ ጊዜያዊው ቱቦ በዝናብ መሐል ፈነዳ፤ ነገር ግን ተጽፎ ስለነበር በማግሥቱ ተጠገነ። አባባ በተናገሩት መሠረት አዲሱ መስመር ከዛፉ ሥር ሦስት ሜትር ርቆ፣ ከፍሳሹ ቦይ በላይ አለፈ። የውኃ ቤቷም አልተነካችም። ባይናገሩ ኖሮ ዛፉም እሷም ዛሬ አይኖሩም ነበር፣ የሰፈሩም ልጆች እንደታመሙ ይቀሩ ነበር። ልጄ ከዚያ ወዲህ ታምማ አልተኛችም፤ አምባሯ ጠብቧት አውልቄላታለሁ።

አዲሱ ውኃ የመጣ ጠዋት አባባ የእትዬን ነጭ ጄሪካን ይዘው ወጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሲያነሣው አላየሁም። ሞሉት፤ ወስደው ዛፉ ሥር ደፉት። እንደገና ሞሉት፤ እንደገና ደፉት። በሦስተኛው ከድነው ወደ ቤታቸው ይዘውት ገቡ፤ በሩንም ቀስ ብለው ዘጉት።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ነገር ይመጣል ብዬ በሬ ላይ ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። ክፉው መጥቶ በጎረቤቴ በር ሲገባ ግን አይቼው ዝም አልኩ። ይህንን የምታነቡ እናቶች፣ የምታውቁትን ለሚጠይቃችሁ ንገሩ፤ ማንም ባይጠይቃችሁም አጥሩን ተሻግራችሁ ንገሩ። የሚስቅባችሁ ሰው ቢያንስ በሕይወት አለ።