ጠርጣሪው ሾፌርና የዘይት ግፊት ጌጅ

የጎማ መንፊያዬ ተበላሽቶብኝ ላሠራው ወደ ጋራዡ ብገባ፣ በሩ ላይ ያገኘሁት ላገኘው የማልፈልገውን ሰው ነው። እኚህ አዛውንት ሾፌር በሰፈራችን «ጆሮው» ይባላሉ። በአራቱም ጎማ የምትጎትተዋን የናፍጣ መኪናቸውን በየጠዋቱ አስነስተው፣ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ያደምጣሉ፤ ደህና ናት ካሉ ሰው ጭነው ዳገቱን ይወጣሉ። ቤታቸው የሚተዳደረው በዚህች መኪና ነው። እኔን «ስምንተኛ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው፤ ትምህርቴ የቆመበትን ክፍል በሰርግ ቤት፣ በሰው ሁሉ ፊት አንስተው። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

«ስምንተኛ፣ ደህና መጣህ» አሉኝ። «ና ምስክር ሁነኝ። አማቼ መኪናዬ ላይ ሰላይ ሊተክል ነው።»

ሰላይ ያሉት መዳፍ የምታክል ክብ ጌጅ ናት። አማቻቸው የተማረ መካኒክ ነው። እኔ በበኩሌ ወረቀት የያዘ ሰው አላምንም፤ የጋራዥ ኃላፊነት ሊሰጠኝ ሲል ባለ ወረቀት መጥቶ ወስዶብኝ ነው ዛሬ ጎማ የምለጥፈው። ስለዚህ ቆሜ ላደምጥ ወሰንኩ።

«አባባ፣ ዘይቱ በምን ያህል ኃይል እየተገፋ እንደሚሄድ ታሳየናለች እንጂ ሌላ ሥራ የላትም» አለ አማችየው በትሕትና።

«ዘይቱ እስከ መስመሩ ሙሉ ነው። ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ።»

«ባለፈው ክሊኒክ ክንድዎን አስረው ግፊትዎን የለኩት ደም ጎድሎብዎ ነበር እንዴ?»

«ጨው ከለከሉኝ እንጂ ምን ጠቀሙኝ?»

ቀጥለውም ክርክራቸውን ወደ ዳሽቦርዱ መብራት አዞሩት። የሠራት ፋብሪካ ይበቃል ብሎ ቀይ መብራት አድርጎላታል፤ ከፋብሪካው በላይ ማን ያውቃል? ሲሉ፣ እውነት ለመናገር እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። አማችየው ግን፣ «መብራቱ የሚነግረን መርዶ ነው አባባ። ጌጇ ሕመሙን ትነግረናለች» አለ።

አዛውንቱ ወደ ጥግ ጎተቱኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ነውና፣ ልጁ ሞተሯ ሞታለች ብሎ ሊያሸጣት፣ እሳቸውንም ቤት ሊያስቀምጣቸው እንደሆነ አንሾካሾኩልኝ። ከዚያ ተመልሰው፣ መጀመሪያ በራሱ መኪና ላይ እንዲሞክራት አዘዙት።

እሺ አለ። ግፊቱ ሲወድቅ ቀዩን መብራት የምታበራውን ቡልቦ ከሞተሩ ፈትቶ በቦታው ሦስት አፍ ያለው ማገናኛ አሰረ፤ በአንዱ አፍ ቡልቦውን መለሰ፣ በሌላው የጌጇን ቱቦ አስገባ። ዘይት እንዳያፈስም የማገናኛውን ጥርሶች አስቀድሞ በቴፕ ጠቅልሏቸው ነበር፤ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው አርቆ አሰረ። እንከን ፈልጌ አጣሁ፤ ይህም አናደደኝ። ሞተሩ ከጋለ በኋላም ቀስቷ ከመሐል ንቅንቅ አላለችም።

ቀጥሎ በአዛውንቱ መኪና ላይ ገጠማት። ሞተሯ ገና ሳይሞቅ ቀስቷ ሽቅብ ወጣች፤ ጆሮውም «ይኸውልህ!» ብለው ሳቁ። ሦስታችንም ተሳፍረን ዳገቱን ወጥተን ወረድን። ተመልሰን ስንቆም ግን ቀስቷ ወርዳ ወርዳ ታች ልትነካ ምንም አልቀራት። ቀዩ መብራት አልበራም።

«እኔ ጋ ስትደርስ ጠባይዋ ተለወጠ?» አሉ አዛውንቱ አማቻቸውን በጎን እያዩ። ኮፈኑን አስከፍተው ካቻቪቴውን ደገኑ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንደ ልጅነቷ ናት።»

ካቻቪቴውን ተቀብዬ ከጆሮዬ አስጠጋሁ። ከሥር፣ የተዘጋ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ዱብ ዱብ ይላል።

ሠራተኞቹ ከበውናል። ይህን ቀን ስንት ዘመን ጠብቄው ነበር! «ጆሮው ደንቁረዋል» ብል የሰርግ ቤቱን ብድር መልሼ ስማቸውን በሰው ፊት አወልቅባቸው ነበር። ቀና ስል ግን አዛውንቱ የሚያዩት ሞተሩን ሳይሆን ፊቴን ነው፤ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው።

«አለ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አለ፣ አባባ።»

ካቻቪቴውን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት። «ነገ ሰው ልጭን ነበር» አሉ። ቀጥለው ወደ አማቻቸው ዞሩ፤ «ክፈታት ልጄ።»

ስትከፈት የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ስስ ብረቶች፣ ብሮንዚኖቿ፣ ተበልተው ከሥር ያለው መዳብ ወጥቷል፤ ዘንጉን ግን ገና ጭረት አልነካውም። ብሮንዚኖቹና የዘይት ፓምፑ ተቀየሩ፣ መኪናዋም ተረፈች። ጥቂት ብትቆይ ኖሮ ሞተሯ ዳገት መሐል ተጣብቆ፣ መንገደኛው ሜዳ ላይ፣ የአዛውንቱም ቤት ያለ ጉርሻ ይቀር ነበር።

እንግዲህ መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ ጌጅ ብታስገጥሙ ዘይቱ ሲሳሳ፣ ፓምፑ ሲደክም፣ ብሮንዚኑ ሲበላ ቀድማችሁ ታያላችሁ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የተባለው ለዚህም ይሠራል። መብራቱን አትንቀሉት፤ ጆሯችሁንም አትናቁት፤ ሆኖም ጆሮ እንደ ባለቤቱ ያረጃል፣ ማርጀቱንም ለባለቤቱ አይነግርም።

አዛውንቱ ዛሬ ቀስቷ ቦታዋን ሳትይዝ ፍሬን አይለቁም። የጌጅን ጥቅም ለሾፌሩ ሁሉ የሚሰብኩት እሳቸው ራሳቸው የፈለሰፏት ይመስል ነው። በደጄ ሲያልፉም መስኮት ዝቅ አድርገው፣ «ስምንተኛ፣ ና ቀስቷን እያት!» ይሉኛል። አማቻቸውን ይቅርታ ጠይቀዋል። እኔን ገና ናቸው።