የቦይ አፍ መስክ

በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አቶ ጓንጉል በሬዎቻቸውን ጠምደው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በጋፋት በኩል ካለው ተዳፋት መስካቸው ላይ ቆመው ነበር። ክረምቱ አጥሮ ስለ ነበር የዚያ ዓመት ድርቆሽ ከአንድ ክምር አላለፈም። ስለዚህ መስኩን አርሰው ገብስ ሊዘሩበት፣ ሁለቱን ላሞች ደግሞ ገበያ ሊያወጡ ቆርጠዋል። የመጀመሪያውን ትልም ሊያወጡ ሲሉ አንዲት ወጣት ከማዶው ዳገት እየተጣደፈች መጣች።

«እንደምን አደሩ አባቴ» አለች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ትሕትና እባላለሁ፤ ከተማ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ወደ ጋፋት ሳልፍ መስክዎን ከማዶ አየሁት። ሳያርሱት አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ጠይቂ፤ የተጠመደ በሬ ግን ቆሞ አይውልም።»

«የተዳፋቱን ጎን ይዘው የሚሄዱት እነዚያ ሦስት መስመሮች ምንድን ናቸው? የጠዋት ፀሐይ አግድም ስትመታቸው ጥላቸው ይታያል።»

አቶ ጓንጉል ዞር ብለው አዩ። ስድሳ ሁለት ዓመት የረገጡት መሬት ነው፤ መስመር አለው ብሎ የነገራቸው ግን አልነበረም።

«የከብት መሄጃ ይሆናል» አሉ።

ትሕትና ከቦርሳዋ ሲባጎና ውኃ ልክ አወጣች፤ ሲባጎውንም በሁለት ዱላ ጫፍ ላይ አሰረች። እሳቸው አንዱን ዱላ፣ እሷ ሌላውን ይዘው መስመሩን እየተከተሉ ለኩ።

«የከብት መንገድ ይወጣል፣ ይወርዳል» አለች። «ይህ ግን በመቶ እርምጃ ውስጥ ዝቅ ያለው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። ውኃ ቀስ ብሎ እንዲሄድ ሰው ያበጀው ቦይ ይመስለኛል።»

«ለአዝመራ ቢሆን ይሁን። ሣር ለማጠጣት ቦይ የሚቆፍር ማን ነው? ሣር የሰማይ ነው።»

«እኔም ማወቅ የፈለግሁት እሱን ነው።»

የአቶ ጓንጉል ፊት ጠቆር አለ። «ገባኝ። ቅርስ ተገኘ ትሉና መሬቴን ትከልሉታላችሁ። እኔ ድንጋይ ስጠብቅ ቤተሰቤ ምን ይበላል?»

ትሕትና ሲባጎውን መጠቅለሏን ተወች። «አይነካብዎትም ብዬ ልምልልዎ አልችልም፤ ሥልጣኑ የለኝም። የምለምንዎ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ከንቱ ሆኖ ከተገኘ ያርሱታል።»

ባዶ ተስፋ ሰጥታቸው ቢሆን ኖሮ በሬዎቻቸውን ይነዱ ነበር። «አልችልም» የሚል የተማረ ሰው ግን ከዚያ በፊት አላጋጠማቸውም። እንዲህ እያወላወሉ ሳለ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺሃረግ ቁርስ ይዘው ደረሱና ነገሩን ሰሙ።

«ይህ ቦታ ቦይ አፍ ይባል የለም ወይ?» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ። «ሙሽራ ሆኜ ስመጣ፣ ጠብታ ውኃ የሌለው ተዳፋት ስለምን ቦይ አፍ ተባለ ብዬ አማቴን ብጠይቃቸው ‹ስም ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ› ብለው ሳቁብኝ። እኔስ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

ሰው በልማድ ሲኖር የቦታውን ስም እየጠራ ትርጉሙን አይሰማም። አቶ ጓንጉል ወደ በሬዎቹ ሄደው ቀንበሩን ፈቱ።

ከላይኛው መስመር ላይ አንድ ክንድ ሲቆፍሩ ጥቁር ደለል ወጣ፤ ከሥሩ ደቃቅ ጠጠር፣ ዳርና ዳሩን ደግሞ በእጅ የቆሙ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ። ትሕትና ለካች፣ ፎቶ አነሳች፣ በደብተሯ ሣለች። ውኃው በምሥራቅ በኩል ካለው ጅረት ይመጣ ነበር ብላ ስትገምት ግን አቶ ጓንጉል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚህ ላይ ተሳስተሻል ልጄ። ክረምት ጎርፍ ወዴት እንደሚያዘነብል አውቃለሁ። ከላይ ካለው ምንጭ ነው።»

ወደ ምንጩ ወጡ። በእርግጥም የቦዩ መነሻ በናዳ ተቀብሮ ተገኘ።

«የላይኛውን እንክፈተው፤ ሁለቱን ግን ለጥናት ሳንነካ እንተዋቸው» አለች ትሕትና።

ናዳውንና በላይኛው ቦይ የሞላውን ደለል ጠርገው ውኃውን ወደ ቦዩ ቢመልሱት ሃያ እርምጃ ሄዶ መሬቱ ዋጠው። በማግስቱም ዋጠው። አቶ ጓንጉል «ሰማይ የነፈገውን ምድር አይሰጥም» እያሉ በሬዎቻቸውን ማየት ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ግን መሬቱ ጠጥቶ ጠገበና ውኃው ቦዩን ሞላና ከከንፈሩ ላይ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ወደ ሣሩ ወረደ። ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው ገቡበት። መስኩም ሳይታረስ ቀረ።

በመጋቢት አገሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ ቦይ አፍ ለመለመ። ከታች የሚኖረውና ከምንጩ በሚወርደው ውኃ የሚጠቀመው ጎረቤታቸው ካሳሁን ግን ተቆጥቶ መጣ። «አያ ጓንጉል፣ ውኃዬን ወሰዱብኝ» አላቸው።

«ስማኝ ካሳሁን፤ እኔም መጀመሪያ አላመንሁም ነበር። ዛሬ ላሞቼ አልተሸጡም፤ ወተቱም አልነጠፈም። ተዳፋቱ ታርሶ ቢሆን ክረምት ሲገባ ጎርፍ አፈሬን ጠርጎ አንተ ማሳ ላይ ይከምረው ነበር፤ አሁን ሣሩ ይዞታል። ውኃው ግን ያንተም ነው፤ ሳላማክርህ መክፈቴ ጥፋት ነው። ረቡዕና ዓርብ ወዳንተ ይሂድ። የቦዩን አያያዝም አሳይሃለሁ።»

ካሳሁን ሣሩን ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። «ለመሆኑ ማን ነው የሠራው?»

«ትሕትና እየመረመረች ነው። እስካሁን አላወቀችም፤ እኔም አላውቅም። ግን ከእኛ የማያንሱ ሰዎች ነበሩ።»

ረቡዕ ጠዋት ካሳሁን ዶማውን ተሸክሞ መጣ። ኅዳር ሲገባ አቶ ጓንጉል ሁለት ክምር ድርቆሽ አቆሙ፤ ካሳሁንም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን አንድ ክምር አቆመ።