ሁለት ጠንካራ ሴቶች

ከሰባተኛ ክፍል ባላልፍም ሀርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ከእኔ የበለጠ የተማረ የለም፤ ስለዚህ ምክር መስጠት የእኔ ፈንታ ነው። ስሜ ሚስጥር ይባላል። ሚስጥር መጠበቅ ግን አልችልም።

አንድ ማክሰኞ ከመሀል ሀርጌሳ ጅግጅጋ ያር ወደሚባለው ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ ስሳፈር ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዬ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እትዬ ሸዋዬ እዚህ ባለነው ሀበሾች ዘንድ የተከበሩ ሴት ናቸው። ሀገር ቤት ሰው ሲሞት መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው፤ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህማ ሥራ በዝቶባቸዋል። ጭናቸው ላይ ያለውን ጥቅልል ገለጥ ባደርገው የተቀደደ ቀሚስ ነው።

«ለወለል መወልወያ ነው እትዬ?»

«ዝም በይ፣ ምላሳም! እናትሽ እሑድ ስትቀረጽ የምትለብሰው ነው። ገነነ ነው የሰጠኝ።»

ገነነ «የተሰወረ እንባ» የሚባል የቴሌቪዥን ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ወጣት ነው። ችግረኛ ይፈልጋል፣ ያስለቅሳል፣ ይቀርጻል። እትዬ ሸዋዬ ፕሮግራሙ አምልጧቸው አያውቅም።

«እማዬ እኮ ደህና ቀሚስ አላት።»

«ደህና ቀሚስ ለብሳ ማን ያዝንላታል? ያቺ የዳሚ ሰፈሯ አሮጊት ካሜራ ፊት ባታለቅስ ኖሮ ፍራሽ ታገኝ ነበር?»

እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። ፍራሹን አይቼዋለሁ፤ እውነተኛ ፍራሽ ነው። አሮጊቷን ግን ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «አልቃሻዋ» እያለ ነው የሚጠራት። በፍራሹ ልደሰት ወይስ በስሙ ልናደድ? ሰባተኛ ክፍል ይህን አላስተማሩንም።

«ሳያስለቅሱ መስጠት አይቻልም እትዬ?»

«አይ ልጅነት! ደግሞ እሑድ የሚነገራት ያስደስታታል እንጂ። የኪዱ ወሬ ተገኝቷል!» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ኪዱ ወንድሜ ነው። ጦርነቱ እሱ ያለበት ወሎ ሲገባ ስልክ ተቋረጠና ድምፁ ጠፋ። እማዬ ሥራ ውላ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው ቁጥሩን የምትሞክረው።

«አለ? ደህና ነው?»

«ምኑን አውቄው! ‹ሰርፕራይዝ ነው፤ ካሜራ ፊት ነው የሚነገራት› አለኝ። ‹እርስዎ አጠገቧ ይቀመጡ፤ ግራና ቀኝ የሚይዟት ሁለት ጠንካራ ሴቶችም ያምጡልኝ› ብሏል።»

እኛ ሀበሾች፣ አማርኛ የሚሰማ የለም ብለን የቤታችንን ጉድ ሚኒባስ ውስጥ ጮክ ብለን ነው የምናወራው። ከፊታችን የተቀመጠች ጅልባብ የለበሰች ሴት ዞረችና በጠራ የድሬዳዋ አማርኛ፣

«ኢና ሊላሂ! እናቴ፣ ማን ሞተባችሁ?» አለች።

«ማንም አልሞተብንም!» አሉ እትዬ ሸዋዬ ደንግጠው።

«አቦ ታዲያ ሴቶቹ የሚይዟት ለምንድን ነው? ድሬ እያለሁ ጎረቤቶቻችን እንዲህ የሚያደርጉት ለመርዶ ነበር። ለደስታ ማን ደጋፊ ይፈልጋል?»

እትዬ ሸዋዬ ቀሚሱን መልሰው ጠቀለሉት። ወንድሜ አለ ወይስ የለም? ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቃን ወረደች።

«መርዶ እኮ ሥርዓት አለው» አሉ እትዬ ሸዋዬ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «በማለዳ፣ የቅርብ ሰው ተሰብስቦ ነው። ስንቱን ስነግር ተመልካች ጠርቼ አላውቅም። ይህ ልጅ ምን ሊያሠራኝ ነው?»

ጅግጅጋ ያር እንደወረድን ገነነ ወደተከራየው ክፍል ገባን። እትዬ ሸዋዬ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ኪዱ አለ ወይስ የለም?»

«እትዬ፣ አሁን ከነገርኩዎት ፕሮግራሙ ይበላሻል።»

«ይበላሽ!»

ገነነ አንገቱን ደፋ። «አለ። ደብረ ብርሃን፣ ከተፈናቃዮች ጋር ነው። ስልኩንም አግኝቻለሁ። ሴቶቹን ያልኩት መጀመሪያ መርዶ እንዲመስላት ነው። እሷ ስትጮህ ልጇ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ተመልካች ይህን ይወዳል፤ ባለታሪኳም ትደሰታለች።»

እንባዬ ሳይደርቅ ምላሴ ቀደመኝ። «‹ባለታሪክ› ካልካት ታሪኩ የእሷ ነው ማለት አይደል? የእሷን ነገር ከእሷ ደብቀህ ለሌላ ሰው ታሳያለህ?»

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ሰው ሌላውን የሚረዳው ሲያዝንለት ነው» አለ።

«እኔም እንደዚያው ነበር የማምነው» አሉ እትዬ ሸዋዬ። «ግን አንዲት እናት ያልሞተ ልጇን ትቅበርልህ? በመርዶ አይቀለድም፣ ልጄ። ቁጥሩን አምጣ።»

ሰጠን።

ቤታችን ስንደርስ እትዬ ሸዋዬ ከግቢው በር ውጪ ቆሙ። «እኔን ስታይ ሌላ ነገር ይመስላታል፤ አንቺ ሮጠሽ ግቢ» አሉኝ። ሮጥኩ። እማዬ ሀረገወይን ልብስ እያጠበች ነበር። «አለ! ኪዱ አለ!» ብዬ ቁጥሩን ሰጠኋት። አረፋው ከእጇ ሳይወርድ ደወለች። መጀመሪያ የጠየቀችው «በልተሃል?» ብላ ነው። እትዬ ሸዋዬ ሳቋን ሲሰሙ ነው የገቡት።

ገነነ በሌላ እሑድ መጣ፤ አስፈቅዶ። እማዬ ደህና ቀሚሷን ለብሳ፣ የፈለገችውን ተናግራ፣ ያልፈለገችውን ተወችው። ፕሮግራሙን ያየው ሰው እንደ ድሮው ብዙ አልነበረም፤ ቢሆንም ለኪዱ ብርድ ልብስ የላከለት አልጠፋም። አሁን በሼክ ኑር ካሜራ ይዞ የሚመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስለ እኔ የምታውቀው፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?» ብለን ነው። ጠያቂዎቹን ያሠለጠኑት እትዬ ሸዋዬ ናቸው። እናንተም ጠይቁ፤ ችግር ያለበት ሰው ክብሩ ሳይነካም እርዳታ ያገኛል፣ ጎረቤቱ ፊትም አያፍርም።

የተቀደደው ቀሚስ ግን፣ እንዳልኩት፣ የወለል መወልወያ ሆኗል።