ላልተነፈሰው የሚደወል ደወል

ሽማግሌው ቴዮቲም ለቤተ ክርስቲያኑ ደወል አዲስ ገመድ ከዓሣ አጥማጆቹ መደብር ገዝተው፣ በትከሻቸው አንግተው ሲመለሱ፣ የሟች ወንድማቸው ልጅ ክሎዴት ከሆስፒታል ሥራዋ ስትመጣ ወደቡ አጠገብ ተገናኙ። መኪናዋን አቁማ እንዲገቡ ለመነቻቸው። በእግር መሄድ እንደሚሻላቸው ቢነግሯት ወርዳ አብራቸው መራመድ ጀመረች። ጉዳይ እንዳላት ወዲያው ገባቸው።

በዚያ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ አካዲያኖች መንደር በየዓመቱ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ የዓመቱ ሟቾች ስም ይነበባል፤ ለእያንዳንዱም ስም አንድ ጊዜ ይደወላል። ደዋዩ ቴዮቲም ናቸው። ክሎዴት የመጣችው ስለ ጎረቤታቸው ስለ ዜሊ ነበር። ዜሊ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች የሽርት ውሃዋ ያለጊዜው ፈስሶ፣ ደሟ ተመርዞ ልትሞት ስትል ሐኪሞች ፅንሱን በፈቃዷ አስወጡት። አሁን ለእሱም እንዲደወልለት ትለምናለች። ቄሱም ውሳኔውን ለደዋዩ ትተውታል።

ሽማግሌው አላቅማሙም። ደወል የሚደወለው ተወልዶ ለተነፈሰ ነው፤ አባታቸውም አያታቸውም የደወሉት እንዲሁ ነው።

«ደግሞስ» አሉ፣ «በገዛ አፏ እሺ ብላ ላስወጣችው እኔ ልደውልለት?»

«አጎቴ፣ በየጸደዩ ሆስፒታላችን በር ላይ ሰሌዳ ይዘው የሚቆሙት እርስዎ አይደሉም? ፅንስ ሰው ነው የሚል?»

«ነኝ። አምንበታለሁም።»

«እንግዲያው በር ላይ ሰው የነበረው ደወሉ ሥር ሲደርስ ምን ሆነ? ለመክሰሻ ሲሆን ሰው፣ ለማልቀሻ ሲሆን ምንም?»

«የአባትሽ ምላስ አንቺ ዘንድ ቀርቷል» አሉ ቴዮቲም። ተቆጥተውም ቀጠሉ። «ምረጪ። ሰው ከሆነ ሴትዮዋ በድላለች፤ ካልሆነ ደወል አያሻውም። ሁለቱን ባንድ እጅ አትይዢም።»

ክሎዴት ቆመች።

«እይዛለሁ። የጠፋው ክቡር ነበር፤ ዜሊም አልበደለችም። ሁለቱም ሊሞቱ ነበር፣ አንዷ ተረፈች። ከየትኛው ቀን ጀምሮ ሰው እንደሚሆን እኔ ነርሷ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም። የማናውቀውን በክብር እንያዘው። እናቲቱን ግን እናውቃታለን።»

«ሳትታመም የምታስወጣዋስ? ነገ እሷም ትመጣለች።»

«ትምጣ። ምን እንደደረሰባት ይጠይቋት፣ ያዳምጧት። ደወል ዳኛ አይደለም።» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዜሊ ትኩሳት ይዟት ሳለ ቤቷ የዋለችው ለምን ይመስልዎታል? አስወረደች እንዳትባል። ጥቂት ብትቆይ ኖሮ ዘንድሮ የሚደውሉት ለእሷ ነበር።»

ቴዮቲም ገመዱን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩ። ከደወል ቤቱ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ፣ የመጨረሻው ደወል አልቆ ሕዝቡ ሲነሣ ተንበርክከው የሚቀሩ ሴቶች በየዓመቱ ያያሉ። ጉልበት የከዳቸው ይመስሏቸው ነበር። ከመካከላቸው የገዛ ሚስታቸው ማቲልድ እንዳሉ፣ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቀዋቸው እንደማያውቁ አሰቡ።

«ስም ወጥቶለታል?» አሉ በመጨረሻ።

«አልወጣለትም።»

«ያለ ስም እደውላለሁ።»

እሑድ ዕለት ስሞቹ ተነብበው ካለቁ በኋላ ደወሉ አንድ ጊዜ ጨመረ። በደጃፉ አንዳንዶች አጉረመረሙ፤ አንዱም ለማን እንደሆነ ቀርቦ ጠየቃቸው። «ለነበረ» ብለው አለፉት።

ቤት ሲደርሱ ማቲልድ ኮታቸውን ሳያወልቁ ጠበቋቸው።

«የእኔ ሁለት ናቸው» አሉ።

ቴዮቲም ባርኔጣቸውን እንደገና ደፍተው፣ ሚስታቸውን ደግፈው ወደ ደወል ቤቱ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ይህ ሥርዐት ሆኗል። ኀዘናቸውን ደብቀው የኖሩ ሴቶች በግልጽ ያለቅሳሉ፤ ነፍሰ ጡርም ስትታመም ሐሜት ፈርታ ቤቷ አትቀርም። ሽማግሌው ሰሌዳውን ዳግመኛ አልያዙም። ስለ ፅንሱ ሲጠየቁ የሚመልሱት አሁንም ያንኑ ነው፤ ነገር ግን ከመመለሳቸው በፊት «እናቲቱ ደኅና ናት?» ብለው ይጠይቃሉ።