በነጠላ የተሸፈነው ብርቱካን

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የኅዳር ወር ሊያልቅ ሲል፣ መሪጌታ ይርሳው በፍኖተ ሰላም ገበያ ከአንዲት ብርቱካን ሻጭ ፊት ቆመው ነበር። የሚጠይቁት ግን ብርቱካኑን ሳይሆን ዘሩን ነው። ሻጯ ግራ ገባት። አጠገባቸው የነበረ አንድ ወጣትም ጨዋታው ማረከውና፣ አገርዎ ብርቱካን ያበቅላል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ቢሆነኝ ይባላል። ከእርሻ ትምህርት ቤት ተመርቆ ገበሬ እንዲመክር ወደ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ተመድቦ የሚሄድ ነው። መሪጌታም የሚመለሱት ወደዚያው ስለነበር አብረው ወጡ።

በመንገድ ላይ መሪጌታ የሆዳቸውን አጫወቱት። ሚስታቸው ወለተ ሐና ከፍኖተ ሰላም ያመጣችውን ዘር በላምባ ቆርቆሮ ተክላ፣ የደጋው ውርጭ እንዳይፈጀው ከቤት ውስጥ በመስኮቱ ሥር አሳድጋው ነበር። እሷ ስትሞት ችግኙ ጉልበት ደርሶ ነበር። ልጅ አልወለዱምና ከእሷ የቀራቸው ነገር ይኸው ነው። አምና ታዲያ የሚስታቸው ባልንጀራ፣ ጎረቤታቸው ዓባይነሽ ገብታ «ምነው እንዲህ አማረ» አለች፤ ዓይን እንዳይበላው «እትፍ እትፍ» ሳትል ወጣች። ወር ሳይሞላ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ነጭ ነገርም ወረሰው። ከገበያ ዘር የሚፈልጉትም ለመተኪያ ነው።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ከቤት ሲወጡ ችግኙን በሟቿ ነጠላ ይሸፍኑታል፤ ሰውም ወደ ቤታቸው አያስገቡም። ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የሚያወሩት ከብርቱካኑ ጋር ነው። እሱም እንደ ጨዋ እንግዳ ያዳምጣል እንጂ አይመልስም። ቤቱ ጭር ብሎ ብቸኝነቱ አጥንታቸው ድረስ ዘልቆ ነበር።

ቢሆነኝ ሊስቅ ቃጣው። የዘመኑ ተማሪ ሁሉን ሲማር ዝም ማለትን ይዘላል። ነገር ግን የሽማግሌውን ፊት አየና ሳቁን ውጦ፣ ችግኙን እንዲያሳዩት ለመናቸው። መሪጌታ ሲያመነቱ ቆይተው ደጃፋቸው ሲደርሱ፣ ከእንግዲህ የሚያስቀና መልክ የለውም ብለው አስገቡት።

ወጣቱ ቅጠሉን ገለበጠና አጉሊ መነጽር ሰጣቸው። መሪጌታ አጎንብሰው አዩ። ጥጥ የመሰለው ነገር እግር ነበረው፤ ይንቀሳቀሳልም።

«ይኸ ተባይ ነው መሪጌታ» አለ ቢሆነኝ። «የቅጠሉን ውኃ እየመጠጠ ነው ያደረቀው። እዚህ ዝናብ አያጥበው፣ የሚበላው ጥንዚዛም አይገባ። እርስዎ የሸፈኑት ችግኙን ብቻ አይደለም፤ ጠላቱንም ነው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል ልጄ።»

«ይባላል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ተብሎም ይነገራል።»

ከዚያ ከሻንጣው ማላታዮን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት አወጣ። መሪጌታ ወደ ኋላ አሉ። ቡሬ ያለው አማቻቸው ክንዱ፣ ጉንዳን አጠፋለሁ ብሎ ከቀፎው ላይ የተባይ ዱቄት ነስንሶ ንቡን ሁሉ እንደፈጀ ነገሩት።

«እኔ የምጸልይበት ቤት መርዝ አይገባም» አሉ።

«እውነትዎን ነው፣ መርዝ ነው» አለ ቢሆነኝ። «መርዝነቱን የረሳ ሰው ባይነካው ይሻላል። ስለዚህ እሱ ከቤት አይገባም፤ የሚወጣው ችግኙ ነው። ነፋስ በሌለበት ጧት፣ ከእህልና ከቀፎ ርቀን፣ በልኩ በውኃ በጥብጠን እንረጨዋለን። አፍና አፍንጫችንን እንሸፍናለን፤ ስንጨርስ በሳሙና እንታጠባለን። የተረፈውን እኔው ይዤው እሄዳለሁ።»

መሪጌታን የያዛቸው የንቡ ነገር ብቻ አልነበረም።

«ተባዩ በመድኃኒት ከሞተ» አሉ ድምፃቸው ወርዶ፣ «ዓባይነሽ ምን አድርጋኝ ነበር ማለት ነው?»

ይህን ትምህርት ቤት አላስተማረውም። «ምንም» አለ ቢሆነኝ።

ያን ሌሊት መሪጌታ አልተኙም። ሲነጋ ቆርቆሮውን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ጓሮ አወጡት። ከቢሆነኝ ጋር ሆነው ረጩት፤ በሁለት ሳምንቱም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እንዳይተርፍ ደገሙት። ነጠላው ታጥቦ ከሣጥን ገባ፤ ችግኙ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ መስኮቱም ተከፈተ። በጥር ወር ደርቋል ከተባለው ቅርንጫፍ ጫፍ አረንጓዴ ቅጠል ወጣ። መድኃኒቱ በልኩና በጥንቃቄ ሲያዝ ችግኝ እንደሚያድን መሪጌታ በዓይናቸው አዩ። የነገሩን ምክንያት ሳይመረምሩ ሰው መጠርጠር ግን ከተባይ የባሰ እንደሚያደርቅ ያወቁት በራሳቸው ቤት ነው።

ቅጠሉ በወጣ ማግሥት ዓባይነሽን ጠርተው አመጧት። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ገባችና ፊቷን ከመስኮቱ አዙራ ተቀመጠች።

«ለምን ዞርሽ?» አሏት።

«ዓይኔ እንዳያርፍበት ብዬ ነዋ። ቤቱ ለምን እንደተዘጋብኝ የማላውቅ መሰለዎት? እኔም እኮ ከወለተ ሐና ወዲህ ሰው አልነበረኝም።»

መሪጌታ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ከፊቷ አስቀመጡት።

«በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አሉ። «እሷ የተከለችው ነው። እስኪበቃሽ እይው።»

ዓባይነሽ ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ «እትፍ እትፍ» አለች። ሁለቱም ወለተ ሐናን እያነሡ እስኪመሽ ተቀመጡ፤ በሩም እንደተከፈተ ነበር።