ከሌንሱ ላይ የተፋቀው አረንጓዴ

መነጽር ሠሪው ከልጁ ጋር አውቶቡስ የተሳፈረው ሊሸኛት አልነበረም፤ ሊጠብቃት ነበር። ልጅቱ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመት በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። ዛሬ ከቀትር በፊት የምትገባበትን የትምህርት ክፍል መርጣ መመዝገብ አለባት። እሷ የምትፈልገው ናኖቴክኖሎጂ የሚባለውን፣ በማዕረግ የሚያስመርቀውን ትምህርት ነው። እሱ ደግሞ የዓይን ምርመራ እንድትማርለት ይፈልጋል። ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ሰነበቱና በመጨረሻ «እንግዲያው አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ። መንገዱ በከንቱ እንዳይቀርበትም ጠዋት ከአከፋፋዩ የተረከበውን የሌንስ ጥቅልና ለአንድ ደንበኛ የሚያደርሰውን ያለቀለት መነጽር ይዟል።

«ትኬት፣ ትኬት» እያለ ከኋላ የመጣው ሰው አጠገባቸው ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ኧረ ጋሽ መነጽሩ!»

መነጽር ሠሪው ቀና ቢል የሰፈሩ ሰው ካፒቴን የሚለው የረጅም መንገድ ሾፌር ነው። ያንን ስም ያወጡለት ሌሊቱን ሁሉ ነድቶ ሲያድር እንኳ የሸሚዙ ኮሌታ ስለማይጨማደድ ነው። ዛሬም ኮሌታው ቀጥ እንዳለ ነው፤ ትከሻው ላይ ግን የትኬት ቦርሳ አንግቷል።

«ካፒቴን! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ትኬት እቆርጣለሁ። ዓይን የደከመው እኔ፣ የማይታየው አንተ?»

«መኪናህስ?»

«ለአንድ ጎረምሳ ሰጡት። ደኅና ነጂ ነው ይላሉ።»

«ጡረታህ ደረሰ እንዴ?»

«ጡረታው አልደረሰም፤ ዓይኔ ቀደመው። ባለፈው ወር ቁልፉን በገዛ እጄ አስረከብኩ። ሌሊት ከፊቴ የሚመጣው መኪና መብራቱ ይበተንብኛል። ጭቃ እንደመረጉበት ሁሉ ፊቴን ይሞላዋል። አዲሱን መነጽር ከሠራህልኝ ወዲህ አንተ ጋ ሁለቴ መጥቼ ነበር፤ አስታወስክ?»

«እንዴት እረሳለሁ? ሌንስህን አጸዳሁልህ።»

«አጸዳህልኝ፤ ግን ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። በሁለተኛው ጊዜ ‹ዕድሜ ነው ወንድሜ፤ ምን ይደረጋል› አልከኝ። እውነቱን ነው ብዬ አመንኩህ። ከኋላዬ ያን ሁሉ ሰው አስተኝቼ፣ ገደል ለገደል በግምት ልንዳ?» ካፒቴን ይህን የተናገረው ሳቅ እያለ ነው፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ወደ ልጅቱም ዞሮ «አንቺስ የኔ እናት፣ ወዴት ነው?» አላት።

«ዩኒቨርሲቲ።»

«ጎሽ! ዶክተር ሁኚና ዓይኔን መልሺልኝ» አለና «ትኬት፣ ትኬት» እያለ ወደፊት አለፈ።

ልጅቱ ከኋላው አየችው። ፊቷ ደም የለውም።

አባት ግን ነገሩ ለክርክሩ የተላከለት መሰለው። «ሰማሽ?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይኸው፣ እግዜር ራሱ መሰከረልኝ። የዓይን ምርመራ ብትማሪ ለእንደዚህ ያለው ሰው ትደርሺለት ነበር። አንቺ ዓይን የማያየውን ነገር ላጥና ትያለሽ። ጎረቤት ልጅህ ምን ትማራለች ሲለኝ ምን ልበለው? የማይታይ ነገር ትማራለች ልበል? በዚያ ላይ ማዕረግ አለው ትይኛለሽ። ለማይታይ ነገር ማዕረግ ምን ያደርግለታል?»

«ማዕረጉ ጌጥ አይደለም፣ አባባ። የመጨረሻውን ዓመት መምህር የነገረንን በመድገም አናሳልፈውም። ማንም ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ ይዘን ላቦራቶሪ እንገባለን። ያገኘነውን ጽፈን በመምህራን ፊት ቆመን እንከራከርበታለን። ክርክሩን የቻለ ነው በማዕረግ የሚመረቀው።»

«ለመከራከርማ ምን ዩኒቨርሲቲ ያስኬድሻል፤ እቤት ተክነሽበት የለም?»

ልጅቱ ሳትወድ ፈገግ አለች። «ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም ሥነ ሕይወቱንም አንድ ላይ ነው የምንማረው። አንድ ነገር እጅግ ሲደቅ ጠባዩ ይለወጣል። ወርቅ እንኳ በጣም ሲደቅ ቀይ ሆኖ ይታያል።»

«ቀይ ወርቅ! ይህንን ለጎረቤታችን ለወርቅ ሠሪው እንዳትነግሪው፤ በመዶሻ ነው የሚያባርርሽ።»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም። እኔ በእጄ የያዝኩትን፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማምነው። ቤታችንን ያቆመው ይህ ዓይን ነው። ሰው ሌንሱ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ማየት ከፈለገ የማንን ሱቅ ይጠይቃል? የእኔን። በማይታየው አይደለም እንጀራ የበላሽው።»

እንዲህ ያለው ንግግር በስንቱ ቤት ይነገራል! ሰውየው በሙያው የተከበረ ነውና የማያውቀውንም ነገር ከሙያው ጋር ጠቅልሎ ማስከበር ይፈልጋል። ‹አላየሁትም› የሚለውን ‹የለም› ብሎ ይተረጉመዋል። ልጆቹን የሚያስተምረው ከእሱ የተሻለ እንዲያውቁ ነው፤ ከእሱ የተሻለ ሲያውቁ ግን ይቀየማል። ትምህርት ቤት የሚሠራ አገር ሁሉ መጀመሪያ ይህንን ቅያሜ ካላፈረሰ ሕንፃው ብቻውን ምን ይረባል?

ልጅቱ ጥቂት ጊዜ እጆቿን ስታይ ቆየችና «አባባ፣ ጥቅሉን ይክፈቱት» አለች።

«ለምን?»

«የታመመው የካፒቴን ዓይን ላይሆን ይችላል።»

መነጽር ሠሪው ግንባሩን ቋጠረ፤ ቢሆንም ጥቅሉን ፈታ። ሌንሶቹ እያንዳንዳቸው በስስ ወረቀት ተሸፍነዋል። አንዱን ሲያወጣው በሌንሱ ገጽ ላይ ያቺ የሚያውቃት አረንጓዴ ጥላ ፈሰሰች። አከፋፋይ ከቀየረበት ካምና ጀምሮ የሚመጡት ሌንሶች ሁሉ ይህ አለባቸው። እሱ የፋብሪካ ቅባት ይለዋል። ከሱቁ ጀርባ በሱፍ የተለበጠች መሽከርከሪያ አለችው። የማለስለሻ ዱቄት ነስንሶ ሌንሱን በሷ ላይ ይይዘዋል፤ አረንጓዴው እስኪጠፋ፣ ሌንሱ እስኪነጣ ድረስ። ሌሎቹ ሱቆች ሌንሱን እንደመጣ ፍሬም ውስጥ ሲከቱ፣ እሱ ‹ቆሻሻ ለሰው ዓይን አልሸጥም› እያለ ይኮራባቸዋል። ልጁም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስንት ጊዜ እዚያች መሽከርከሪያ ፊት ቆማ ረድታዋለች።

«ያለቀውንም መነጽር ያውጡት። ሁለቱን ጎን ለጎን ይያዙና የጣሪያው መብራት እንዲያርፍባቸው ያድርጉ።»

አውቶቡሱ ድልድይ ስር እየገባ ነበርና የጣሪያው መብራት በራ። መነጽር ሠሪው ሁለቱን አዘንብሎ ያዛቸው። ባልተፋቀው ሌንስ ውስጥ መብራቱ ትንሽ፣ ደብዛዛና አረንጓዴ ሆኖ ታየ፤ ከበስተጀርባው የገዛ ጣቱ ፍንትው ብሎ ይታያል። እሱ ባነጣው ሌንስ ላይ ግን መብራቱ ነጭ ሆኖ ተንቦገቦገና ጣቱን ሸፈነበት። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ አረንጓዴው ቀለሙ እንደተላጠ ግድግዳ እዚህም እዚያም ቀርቷል። መብራቱ እነዚያ ቦታዎች ላይ ሲደርስ ይበተናል።

«ቅባት አይደለም፣ አባባ። ሆን ተብሎ የለበሰ ሽፋን ነው። አንዲት የራስ ፀጉር ወደ ሺህ ቦታ ብትሰነጠቅ የአንዷ ስንጣቂ ውፍረት ያህላል። ከሽፋኑ ላይና ከሽፋኑ ሥር የሚመለሱት ብርሃኖች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ወደ ዓይን የሚያልፈው ይበዛል። እኛ ግማሹን ፋቅነው፤ ግማሹን ቧጨርነው።»

«ማን ነው ይህን የነገረሽ?»

«መምህራችን በላቦራቶሪ መስታወት ሲያለብስ አሳየን። ሽፋኑ ሲወፍር ቀለሙ ይለዋወጣል። አረንጓዴው ላይ ሲደርስ የሱቃችን የሌንስ ትሪ ፊቴ ድቅን አለ።»

«አከፋፋዩ ታዲያ ምነው አንድ ቃል አልነገረኝም?»

«ጠይቀውት ነበር?»

መነጽር ሠሪው አልጠየቀም። ቅባት እንደሆነ በዓይኑ አይቷልና ምን ብሎ ይጠይቃል? ሌንሱን ወደ ወረቀቱ መለሰ፤ ከዚያ ድንገት አንድ ነገር መጣበት።

«መምህሩ ያሳያችሁ መቼ ነው?»

«ሁለት ወር ይሆነዋል።»

«ካፒቴን ቁልፉን ያስረከበው ባለፈው ወር ነው።»

«አሁን ሰማሁ። ልነግርዎት ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ መሰለዎት። ሥራዎን ማጣጣል መሰለኝ። አንድ ዓመት ተምራ አባቷን ልታርም ተነሳች እንዳልባል ፈራሁ። ትምህርቱን ስገፋበት፣ አፌን ሞልቼ መናገር ስችል እነግርዎታለሁ አልኩ።»

ይህን ዝምታ ሰዎች ጨዋነት ይሉታል። የተማረው ወጣት የሚያውቀውን ለታላቁ ሳይነግር ሲቀር ‹አስተዳደጉ ያማረ› ተብሎ ይመሰገናል፤ የዝምታው ዕዳ ግን በሦስተኛ ሰው ላይ ይወድቃል። እዚህ አባት ‹አላውቅም› ማለት አልሆነለትም፤ ልጅ ‹ተሳስተዋል› ማለት ነውር መሰላት። በሁለቱ መካከል ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው መሪውን ለቀቀ።

መነጽር ሠሪው ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን የሚያርፍበት አጣ። ከፊት ካፒቴን አንድ እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ ለአንዲት ሴት ትኬት ይቆርጣል። መነጽር ሠሪው የራሱን መነጽር አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ወደ መስኮቱ ዘርግቶ አየው። እንደገና ጠረገው። ያልጸዳ መስሎታል።

ፌርማታቸው ሲደርስ ካፒቴን «በርቺ የኔ እናት» ብሎ አወረዳቸው። መነጽር ሠሪው ሊናገር ዞረ፤ በሩ ግን ተዘጋ።

እስከ መመዝገቢያው አዳራሽ ድረስ በእግር ሄዱ። ሰልፉ ጋ ሲደርሱ አባት ቆመ።

«ይኸ ትምህርት፣ ከመነጽር ሌላ ምን ምን ይሠራል?»

ልጅቱ ለክርክር ሳይሆን እንደሚጠይቅ ሰው መጠየቁን ከዓይኑ አወቀች። «የመጠጥ ውሃ ያጣራል። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተደርቦ የማያስቀረውን ነገር፣ ጀርም እንኳ ሳይቀር፣ የሚያስቀር ወንፊት ይሠሩበታል። መድኃኒትን መላ ሰውነት ውስጥ ሳይረጩ ወደታመመው ቦታ ብቻ ለማድረስ ይደክሙበታል። የሚቆይ ባትሪ አለ፣ ዝገት የሚከላከል ቀለም አለ። ብዙው ገና ያላለቀ ነው፤ ለዚያ ነው ተማሪ የሚፈልገው። እኔ ደግሞ አንድ የምመኘው አለኝ።»

«ምን?»

«የማይፋቅ ሽፋን። እንደ እኛ ያለ እጅ ቢያገኘው እንኳ የማይፋቅ።»

መነጽር ሠሪው ጥቅሉን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። «ሂጂ፤ ስምሽን ጻፊ። የናኖውን። ከየሱቁ ጀርባ እንደ እኔ ያለ ብዙ ሰው አለ፤ የማያየውን እያጸዳ የሚያበላሽ። አንድ የሚነግረው ከሌለው እስከ መጨረሻው እንደኮራ ነው የሚኖረው።» ጥቂት ካሰበ በኋላ ጨመረ፦ «አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ስሳሳት ወር አትቁጠሪብኝ። በዚያው ቀን ንገሪኝ።»

«እሺ፣ አባባ።»

እሷ ሰልፍ ስትገባ እሱ የደንበኛውን መነጽር እንደያዘ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሌንሱን ከፍሬሙ አውጥቶ በአዲስ ለወጠው። የመሽከርከሪያዋንም ቀበቶ፣ ዳግመኛ እንዳትዞር፣ ፈታ። ከዚያ በካፒቴን የዓይን ቁጥር ልክ ሁለት ሌንሶች መረጠ፤ አረንጓዴውን በጣቱ እንኳ ሳይነካ ጠርዙን ብቻ ሞርዶ ከአዲስ ፍሬም ጋር አገጣጠመ። ሲመሽ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት በር ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ካፒቴን ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ መነጽሩን ያለ አንድ ቃል ሰጠው። ካፒቴን አጠለቀው። ከመንገዱ ማዶ አንድ አውቶቡስ መብራቱን አብርቶ ይመጣ ነበር።

«ምን ይታይሃል?» አለ መነጽር ሠሪው።

«መብራት።»

«እንዴት ያለ?»

ካፒቴን አውቶቡሱ ቀርቦ እስኪያልፍ በዓይኑ ተከተለው። «ሁለት መብራት» አለ በመጨረሻ። «ክብ ናቸው። ቦታቸው ላይ ቆመዋል።»

«መነጽሩን ስሠራልህ ሽፋኑን ፍቄብህ ነው። ማጽዳቴ መስሎኝ። ስትመጣም ይበልጥ ፋቅኩት። ከዚያ ዕድሜ ነው አልኩህ።»

«ታዲያ ዓይኔ ደኅና ነበር?»

«ደኅና ነበር።»

ካፒቴን ደስ አላለውም። መነጽሩን አውልቆ እጁ ላይ ገለበጠው። ሰው የታመመ መስሎት የተወውን ነገር፣ ጤነኛ እንደነበረ ሲነግሩት ሁለተኛ ጊዜ ይቀማል።

«ነገ አብሬህ መሥሪያ ቤትህ ሄጄ እናገራለሁ» አለ መነጽር ሠሪው። «ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ።»

«ተናገር። ግን ዓይኔ አያይም ብዬ በራሴ አፍ ነው የተናገርኩት። ጎረምሳውም መኪናውን ለምዶታል።» መነጽሩን አጠፈው። «ማን ነው የነገረህ ለመሆኑ?»

«ልጄ።»

«ዶክተር ልትሆን የሄደችው?»

«ዶክተር አይደለም።» ጠዋት ለጎረቤት ምን ብዬ እነግራለሁ ሲል የነበረው ሰው ቀስ ብሎ፣ አንዱንም ፊደል ሳይውጥ ተናገረው። «ናኖቴክኖሎጂ ይባላል። ዛሬ ተመዘገበች። በማዕረግ ነው የምትመረቀው።»

«ደግ ነው» አለ ካፒቴን። መነጽሩን መልሶ አጠለቀና በሚቀጥለው አውቶቡስ መብራት ላይ ዓይኑን ተከለ። «ባለፈው ዓመት ተመዝግባ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ነገ ማልዶ የሚሠራበትን የትኬት ቦርሳ በትከሻው ላይ ከፍ አድርጎ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።